ክራርና ጊታር

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንዲት ቡና ቤት ተቀምጬ አንድ ወጣት ክራሩን በጣቶቹ ሲጫወት ሳዳምጥ፣ ሐሳቤ ወደ ማርክ ኖፕፍለር ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1949 ግላስጎው የተወለደው ይህ ጊታሪስትና ድምፃዊ፣ በ1977 ዳየር ስትሬትስ የተባለውን የሮክ ባንድ ለንደን ውስጥ ከመመሥረቱ በፊት በጋዜጠኝነትና በመምህርነት ሠርቷል፤ ግጥሞቹ ሰውን ቀረብ ብሎ ያየ ዘጋቢ የጻፋቸው የሚመስሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ግራኝ ሆኖ ሳለ ጊታሩን እንደ ቀኝ እጅ ተጫዋቾች ይይዛል (ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል)፤ ክሮቹንም በአብዛኛው ያለ መምቻ፣ በባዶ ጣቶቹ ይነካል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ባንዱ ተበትኖ፣ በ1996 የመጀመሪያውን የግል አልበሙን አወጣ።

ወጣቱን ማን እንዳስተማረው ብጠይቀው «አባቴ ነው፣ ጋሼ» አለኝና ትዝታ ሊቃኝ ጎንበስ አለ።