ቀለሙን በብርሃን ሳትሞክሩ መኪናችሁ ላይ እንዳታስቀቡ

የኔ መኪና ብርማ ቪትዝ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ቪትዝ እንዳለ ታውቃላችሁ። አይዲ 4 የሚባሉት የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪኖች ከተማ ውስጥ ሲበዙ፣ በሁለቱ የፊት መብራቶቻቸው መሃል የተዘረጋው የብርሃን መስመር ዓይኔን ያዘው። እኔ የተመኘሁት ግን ትንሽ ይለያል። ሲጠፋ ቀለም ብቻ የሚታይ፣ ሲበራ ብርሃኑ ከቀለሙ ውስጥ ብቅ የሚል መስመር ከኋላ እንዲኖራት ፈለግኩ። አሁን አላት። ሲበራ ባየሁት ቁጥር ኩራት ይሰማኛል። ግን የሁለት ቀን ሥራ አራት ወር ፈጀብኝ። ስለ ቀለሙ ያስጠነቀቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ላሜራ ብርሃን አያሳልፍም፤ ስለዚህ ከኋላ ሰሌዳው በላይ ያለውን የፕላስቲክ ማስጌጫ መረጥኩ። መሃሉን ቆረጥኩና ማስታወቂያ ቤት በሌዘር ያስቆረጥኩትን ጥርት ያለ አክሪሊክ (መስታወት መሳይ ጠንካራ ፕላስቲክ) ተካሁበት። የሰሌዳ መብራቱን አልነካሁም። ኤልኢዲ ስትሪፕ (ትንንሽ አምፖሎች የተደረደሩበት ጥብጣብ) ከመርካቶ ገዛሁ፣ ፊውዝ አስገባሁ፣ ሽቦውን በኋላ በሩ የጎማ ቱቦ ውስጥ አሳለፍኩ። ማሸጊያው ላይ 12 ቮልት ስለሚል ሻጮቹ በቀጥታ ባትሪው ላይ ግጠመው ይላሉ። አትስሟቸው። ሞተር ሲነሳ የመኪናው ኤሌክትሪክ ወደ 14 ቮልት ይወጣል። ስትሪፑ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። 12 ላይ የሚያቆም ትንሽ ሬጉሌተር ጨምሩበት።

አሁን ወደ ቀለሙ።

ቀቢው በሙያው የተመሰገነ ሰው ነው። ከዚህ በፊት የተጫረ በሬን ያለ እንከን ቀብቶልኛል። ብርሃን ማለፍ አለበት ስለው “አይዞህ ወንድሜ፣ ስስ አድርጌ እነፋዋለሁ” አለኝ። ስስ የሚለው ቃል ለሱም ለኔም አንድ መስሎኝ ዝም አልኩ። ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ አክሪሊኩን እንደ ላሜራ በቲነር ጠረገው። ዓይኔ እያየ በጠርዙ ዙሪያ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ወጡበት። ሌዘር ሲቆርጥ ሙቀቱ ጠርዙ ላይ ውጥረት ይተዋል፤ ቲነር ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ይህን የሰማሁት አክሪሊኩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ሁለተኛውን በሳሙና ውሃ ብቻ አጠብነው።

ሁለተኛው ላይ ፕራይመር የሚባለው የስር ቀለም ተነፋ፣ ከዚያ ብርማው ቀለም፣ ከላይ ደግሞ ክሊር የሚሉት ግልጽ ሽፋን። ከመኪናዋ ቀለም ጋር አንድ ሆነ። ማታ ግቢ ውስጥ ቆሜ ማብሪያውን ተጫንኩ። ምንም የለም። ፊውዙን አየሁ፣ ሽቦውን ፈታሁ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ኤሌክትሪኩን ስፈትሽ አመሸሁ። በመጨረሻ ማስጌጫውን ነቅዬ ከጀርባው ሳየው ስትሪፑ ቦግ ብሎ በርቷል። ብርሃኑ አንዲት ነጥብ እንኳ አላለፈም።

ብርማ ቀለም ውስጥ የሚያብለጨልጨው የአሉሚኒየም ቅንጣት ነው። እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ይተኛል። ከፊት የሚመጣውን ብርሃን እንደሚመልስ ሁሉ ከኋላ የሚመጣውንም ይመልሳል። ነጭም አያዋጣም፤ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ስላለበት ብርሃኑን በትኖ ያስቀረዋል። ፕራይመር ደግሞ ሥራው ከስሩ ያለውን መሸፈን ነው። ቀለም ሻጮች በደንብ የሚሸፍነውን ምርጥ ይሉታል። እዚህ ሥራ ላይ የምትፈልጉት የማይሸፍነውን ነው።

ያዋጣኝ የኋላ መብራት ለማጥቆር የሚነፋው ጭስማ ግልጽ ቀለም ነው። ብርማ መሆኑ ቀረና መስመሩ አንጸባራቂ ጥቁር ሆነ። የሚሠራበት መንገድ ግሩም ነው። ቀለሙ ከመቶ 20 እጅ ብርሃን ያሳልፋል እንበል። የስትሪፑ ብርሃን አንዴ ብቻ ስለሚያልፍ 20ው ይወጣል። የቀን ብርሃን ግን ገብቶ ተመልሶ መውጣት አለበት፤ ሁለቴ ስለሚያልፍ ቢበዛ 4 ብቻ ይተርፈዋል። ቀን ጥቁር፣ ማታ ብርሃን የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስንት ዙር ይነፋ ለሚለው ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አትከተሉ። ከማስታወቂያ ቤቱ ስድስት ቁራጭ አክሪሊክ ለምኑ። የመጀመሪያውን አንድ ዙር፣ ሁለተኛውን ሁለት ዙር እያላችሁ እስከ ስድስት ንፉ። በስትሪፑ ላይ አድርጋችሁ ቀትር ላይም ማታም እዩአቸው። ለኔ አራት ዙር ሆነ። በየዙሩ መሃል በደንብ ይድረቅ፣ ቀለሙ ውስጥም ቲነር አለና። አምፖሎቹ ነጥብ ነጥብ ሆነው እንዳይታዩ ደግሞ ከጀርባ ወተት መሳይ አክሪሊክ አስገቡ፤ ስትሪፑንም ከሱ ሦስት ሴንቲ ያህል አርቁት።

ስለ ቦሎ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት የቴክኒክ ምርመራ ጣቢያ ሄጄ ጠይቄ ነበር። “ችግር የለውም” ተባልኩ። ለዓመታዊው ምርመራ ስሄድ እዚያው ጣቢያ ሌላ መርማሪ “አስነቅለህ ተመለስ” አለኝ። የትኛው መመሪያ ላይ እንደተጻፈ ስጠይቀው “ሰው እየጠበቀ ነው፣ ቀጥል” አለኝ። እስካሁን ያናድደኛል። የመጀመሪያው ሰውዬ መልሱን በጽሑፍ ቢሰጠኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ዋናውን ማስጌጫ ቆርጬዋለሁና የምመልሰው አልነበረኝም። ሶማሌ ተራ ሄጄ ሌላ ገዛሁ። እናንተ የመኪናውን ዋና ዕቃ አትንኩ፤ አሮጌ ገዝታችሁ እሱን ቁረጡ።

መርማሪው በትክክል ቢያስረዳኝ ኖሮ የምቀበለው አንድ ነገር አለ። ከኋላ የሚበራ ሌላ ቀይ መስመር የፍሬን መብራቱን ይውጠዋል፤ ከኋላችሁ ያለው ሹፌር ፍሬን መያዛችሁን ዘግይቶ ያያል። ስለዚህ የኔ የሚበራው መኪናዋ ስትቆም ብቻ ነው። የእጅ ፍሬኑ ሲለቀቅ ይጠፋል።

አሁን የተገጠመው ሦስተኛው አክሪሊክ ነው። ከመቀባቱ በፊት 80 ዲግሪ አካባቢ ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት አቆየሁት፤ ውጥረቱ ረገበ። አንድ ክረምት አልፎበት አንድ ስንጥቅ የለውም። ለቦሎ ስሄድ በአራት ብሎንና በአንድ ሶኬት ይነቀላል፤ ስመለስ ማታውኑ እገጥመዋለሁ።