አሮጌ ፎቶግራፍ ከቅጂ መብት ነጻ የሚወጣው መቼ ነው?

አሮጌ ፎቶግራፎችን ስለ መጠቀም በተነሳ ቁጥር «ይህ እኮ ዘመን ያለፈበት ምስል ነው፤ ማን ይጠይቀናል?» የሚል መልስ እሰማለሁ። ነገር ግን ዛሬ በብዙ አገሮች የጥበቃው ዘመን የሚቆጠረው ምስሉ ከተነሳበት ቀን ሳይሆን አንሺው ከሞተበት ዓመት ነው፤ ስለዚህ የወረቀቱ መወየብና የሰዎቹ አለባበስ ስለ መብቱ የሚነግሩን ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ይህ አቆጣጠር ለፎቶግራፍ የሚስማማ አይመስለኝም፤ ምክንያቴንም ላስረዳ። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ፈረንሳዊው ዣክ ሄንሪ ላርቲግ በ1894 ተወልዶ ገና በልጅነቱ ካሜራ የያዘ ሰው ሲሆን፣ ያረፈው በ1986 ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ጥበቃው አንሺው ካረፈ በኋላ 70 ዓመት ስለሚዘልቅና ዘመኑ የሚያበቃው በዓመቱ መጨረሻ ስለሆነ፣ ላርቲግ በ1905 ያነሳቸው ምስሎች በዚያ ነጻ የሚሆኑት በ2057 መጀመሪያ ነው። የፓሪስን አሮጌ ጎዳናዎች ሲያነሳ የኖረው ኧዤን አትዤ ግን በ1927 ስላረፈ፣ በ1925 ያነሳው ምስል ከ1998 መጀመሪያ ጀምሮ ማንም ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት የጋራ ሀብት ሆኗል። ሃያ ዓመት የሚያንሰው ፎቶግራፍ ከታላቁ ስልሳ ዓመት ያህል ቀድሞ ነጻ ወጣ ማለት ነው።

የቅጂ መብትን በተመለከተ ብዙ አገሮች የተቀበሉት ዓለም አቀፉ የበርን ስምምነት ለመጻሕፍትና ለመሰል ሥራዎች ቢያንስ የደራሲውን ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ሲሰጥ፣ ለፎቶግራፍ ግን አገሮች ምስሉ ከተነሳ በኋላ 25 ዓመት ብቻ እንዲወስኑ ይፈቅዳል። በ1996 የተፈረመው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የቅጂ መብት ስምምነት ይህን ልዩነት በአባል አገሮቹ ዘንድ አስቀረ። ለፎቶግራፍ አንሺዎች ክብር ከማሰብ አንጻር ካየነው ተገቢ እርምጃ ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ገና በ1884፣ ናፖሊዮን ሳሮኒ ባነሳው የጸሐፊው የኦስካር ዋይልድ ምስል ላይ በቀረበ ክርክር፣ አቀማመጡን፣ አልባሳቱንና ብርሃኑን የመረጠና ያሰናዳ ሰው የሥራው አመንጪ መሆኑን አረጋግጧል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። መጽሐፍ የደራሲውን ስም ሽፋኑ ላይ ይዞ ሲወጣ፣ አብዛኛው ፎቶግራፍ ግን የተነሳበትን ዘመን እንጂ ያነሳውን ሰው አይነግረንም። ከምስሉ የሚገመተውን ትቶ ከምስሉ ፈጽሞ የማይታወቀውን መነሻ ማድረግ፣ ለስመ ጥሮቹ ወራሾች ቢጠቅምም፣ ስማቸው ያልተጻፈውን የብዙዎቹን ሥራ ግን ማንም እንዳይነካው ያደርጋል።

አንሺው በማይታወቅበት ጊዜ ሕጎቹ ሌላ ስሌት አላቸው። በአሜሪካ ለሕዝብ ሳይቀርብ የቆየና አንሺው የማይታወቅ ፎቶግራፍ ከተነሳ ጀምሮ 120 ዓመት ይጠበቃል። በዚያው አገር እስከ 1963 ታትመው በ28ኛው ዓመት መብታቸው ያልታደሰ ምስሎች ደግሞ ቀደም ብለው ነጻ ወጥተዋል፤ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በሥራቸው ያነሷቸው፣ እንደ ፎቶግራፍ አንሺዋ ዶሮቲያ ላንግ የ1936ቱ «ስደተኛ እናት» ያሉት፣ በአሜሪካ ከመጀመሪያውም የቅጂ መብት የላቸውም። ስለዚህ አንድ ምስል በአንድ አገር ነጻ ሆኖ በሌላው የተጠበቀ ሊሆን ይችላል። ብሪታንያ ከ2014 ጀምሮ ባለቤታቸው ተፈልጎ ላልተገኘ ሥራዎች የፈቃድ ሥርዓት ዘርግታለች፤ ስለ እንዲህ ያሉ ሥራዎች የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የ2012 መመሪያ ግን በመጽሐፍ ወይም በጋዜጣ ውስጥ ያልገቡ፣ ለብቻቸው የቆሙ ፎቶግራፎችን አለማካተቱ አሁንም ያሳዝነኛል።

ወረቀቱን መያዝና መብቱን መያዝ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውም መታወስ አለበት። የአልበሙ ባለቤት ሌሎች ምስሉን እንዳያዩ መከልከል ይችላል፤ የቅጂ መብቱ ግን በሌላ ስምምነት ካልተላለፈ በቀር አብዛኛውን ጊዜ የአንሺው ወይም የወራሾቹ ነው። በተቃራኒው፣ ዘመኑ ያለፈበትን ምስል ስካን አድርጎ «መብቱ የተጠበቀ ነው» የሚል ጽሑፍ ማተም ሌሎችን ያለ አግባብ ያስፈራል ብዬ አምናለሁ። በ1999 የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት በምስል አቅራቢው ብሪጅማንና በሶፍትዌር ኩባንያው ኮረል መካከል በነበረው ክርክር፣ የቆዩ ሥዕሎችን በታማኝነት የሚገለብጥ ፎቶግራፍ አዲስ የቅጂ መብት አይፈጥርም ሲል ወስኗል፤ የአውሮፓ ኅብረት የ2019 መመሪያም የጥበቃ ዘመናቸው ላበቃ የእይታ ጥበብ ሥራዎች ተመሳሳይ መርህ ደንግጓል።

አሮጌ ፎቶግራፎችን ወደ ዲጂታል የምትቀይሩ ሁሉ ከፊቱ ጋር ጀርባውንም ስካን አድርጉ። የስቱዲዮው ማኅተም፣ በእርሳስ የተጻፈው ስም፣ የጋዜጣው የኅትመት ምልክት የሚገኙት እዚያ ነው፤ አንሺው ማን እንደነበረና ምስሉ መቼ ለሕዝብ እንደቀረበ የሚጠይቅ ሰው ሌላ ማስረጃ ላያገኝ ይችላል።