የተቃዋሚ እንደራሴ ሆኜ ስለ በጀትና ስለ ድሆች የተከራከርኩባቸው አምስት ዓመታት

በ1998 ዓ.ም. የሦስተኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኜ አራት ኪሎ ስገባ፣ ከ547ቱ መቀመጫዎች እኛ ተቃዋሚዎች ሁላችን ተደምረን አንድ ሦስተኛውን እንኳ አንሞላም ነበር። በእኛ ድምፅ የሚወድቅ የበጀት አዋጅ እንደማይኖር ከመጀመሪያው ቀን አውቀናል። ታዲያ እጅ ሲወጣ ውጤቱ የታወቀ ከሆነ የአንድ ተቃዋሚ ሥራ ምንድን ነው? እኔ ለራሴ የሰጠሁት መልስ፣ መንግሥት በቁጥር እንዲመልስ የሚያስገድድ ጥያቄ መጠየቅና መልሱን በቃለ ጉባኤ ማስመዝገብ ነው የሚል ነበር። ይህን በአግባቡ ለመሥራት ግን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

የመጀመሪያው ክርክሬ ከሽፎ ነበር። በሰኔ 1998 የበጀት ረቂቁን ይዤ፣ በፌዴራሉ ሰነድ ውስጥ ለጤናና ለትምህርት የተያዘውን ከመንገድ ሥራው ጋር አነጻጽሬ፣ መንግሥት ለማኅበራዊ አገልግሎት ደንታ የለውም ብዬ ተናገርኩ። መልሱ አጭርና ትክክል ነበር፤ ጤና ጣቢያና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክልልና የወረዳ ሥራ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ያለው ለክልሎች በሚሰጠው ድጎማ ውስጥ ነው። ድጎማው በምን ቀመር እንደሚከፋፈል የሚወስነው ደግሞ የእኛ ምክር ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በዚያው ዓመት ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ለጋሾች ቀጥታ የበጀት ድጋፋቸውን አቁመው፣ ገንዘባቸው በመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም በኩል ወደ ወረዳ እንዲወርድ አድርገዋል። ይህን ሳላጣራ የተናገርኩት ንግግር ቁጣ እንጂ ጥያቄ አልነበረበትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንደሚመድብ ይደነግጋል። ይህን አንቀጽ ይዞ የሚከራከር ሰው ሀብቱ የት መዝገብ ላይ እንደተቀመጠ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ የሥራ ሰሌዳዬን ለወጥኩ። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ረቂቁ ከቀረበ በኋላ እስኪጸድቅ ያለው ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሆነ፣ በሰኔ የሚናገር ሰው በጥቅምት ማንበብ መጀመር አለበት። የተመደበውን ብቻ ሳይሆን ባለፈው ዓመት በትክክል ሥራ ላይ የዋለውንም፣ የዋናውን ኦዲተር ሪፖርትም ጭምር ማገላበጥ ልማድ ሆነልኝ። በዚያው አዳራሽ የነበሩትን አቶ ቡልቻ ደመቅሳን ማድመጥም ጠቅሞኛል። በንጉሡ ዘመን በገንዘብ ሚኒስቴር በኃላፊነት የሠሩና በኋላም ባንክ የመሠረቱ ሰው ስለነበሩ፣ የበጀት ሰነድ ሲያነቡ የቤታቸውን ሒሳብ የሚያነቡ ይመስሉ ነበር።

እውነተኛ ክርክር አደረግሁ የምለው ግን በ2000 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዓመት የኑሮ ውድነት ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ በሐምሌ ላይ አጠቃላዩ የዋጋ ንረት 64 በመቶ ደርሶ ነበር። የተመረጥኩበት ወረዳ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ድሃ ቤተሰቦች በሕዝብ ሥራ ተሳትፈው ገንዘብ ወይም እህል የሚያገኙበት ፕሮግራም፣ ካለባቸው ወረዳዎች አንዱ ነበር። በግንቦት ወደዚያ ሄጄ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት የእርከን ሥራ ከሚሠሩበት ተራራ ሲወርዱ አገኘኋቸውና ገበያ አብሬያቸው ዋልኩ። ክፍያቸውን በመቀነታቸው ቋጥረውት ነበር። ፕሮግራሙ በ1997 ሲጀመር የቀን ሒሳቡ 6 ብር ነበር፤ ለአንድ ሰው በወር አምስት የሥራ ቀን ስለሚታሰብ 30 ብር ይሆናል፤ ይህም 15 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ የተሰላ ነው። በ2000 ሒሳቡ ወደ 8 ብር ከፍ ብሎ ወርሃዊው 40 ብር ሆኗል። እማማ መቀነታቸውን ፈትተው የአንድ ሰው ድርሻ የሆነውን 40 ብር ለነጋዴው ሰጡት፤ እሱም በቆሎውን ሰፈረላቸው። በሚዛን ሳስመዝነው 8 ኪሎ እንኳ በወጉ አልሞላም። «ልጄ፣ አምና በእህል ነበር የሚሰጡን፤ ምነው እሱን ቢመልሱልን» አሉኝ።

ወደ አዲስ አበባ የተመለስኩት ይህን ይዤ ነው። የ2001 በጀት ከ54 ቢሊዮን ብር በላይ ሆኖ ቀርቦ ነበርና ብዙው ንግግር በዕድገቱ መጠን ላይ ያተኮረ ነበር። የእኔ ጥያቄ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረው። ክቡር አፈ ጉባኤ፣ 15 ኪሎ እንዲገዛ ታስቦ የተተመነው ክፍያ ዛሬ ግማሹን ብቻ የሚገዛ ከሆነ፣ የቀን ሒሳቡ ከገበያ ዋጋ ጋር የሚገናዘበው በየስንት ጊዜ ነው? በጥሬ ገንዘብ ወይስ በእህል ይከፈል የሚለውን የሚወስነውስ ማን ነው? ከ1999 ጀምሮ በገቢ ዕቃ ላይ ከተጣለው የ10 በመቶ ሱር ታክስ (ተጨማሪ ግብር) ለከተማ ድሆች ስንዴ ከተደጎመ፣ እህል ሸምቶ ለሚበላው የገጠር ድሃ የታሰበው ምንድን ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ ከባዱ ነበር፤ ምክንያቱም የእህል ዋጋ መናር አምራቹን ገበሬ ይጠቅማል የሚል መከራከሪያ ከመንግሥት ወገን ይቀርብ ነበር። ይህ ለባለ ትርፍ አምራች እውነት ነው፤ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ መሬት ያለው ገበሬ ግን ያመረተውን በጥቂት ወራት ጨርሶ ከዚያ ጀምሮ ራሱ ሸማች ይሆናል። ይህን ስናገር ከገዥው ፓርቲ ወገን የተቀመጡ፣ ከገጠር የተመረጡ ጥቂት አባላት ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። በድምፅ አልደገፉኝም፤ በሻይ ሰዓት ግን አንዱ ቀርቦ የእሱም ወረዳ እንዲሁ እንደሆነ ነገረኝ። ያን ዕለት ከዚያ በፊት በሁለት ዓመት ውስጥ ካገኘሁት የበለጠ አገኘሁ እላለሁ፤ የፓርቲ ወገን የማያስማማቸው ሰዎች በአንድ ገበያ ሚዛን ላይ ሊስማሙ እንደሚችሉ አይቻለሁና። ከዚያ በኋላ የሴፍቲኔቱ የቀን ሒሳብ ወደ 10 ብር አድጓል። በእኔ ጥያቄ ነው አልልም፤ ጉዳዩን የሚገፉ ብዙዎች ነበሩ።

የደመወዝ ግብሩ ክርክር ሌላ ዓይነት ነበር። በ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 286 መሠረት ከግብር ነፃ የሆነው ወርሃዊ ገቢ 150 ብር ነበር። አንድ መምህር የደመወዝ ወረቀቱን አሳይቶኝ አብረን አሰላነው። ደመወዙ 1,000 ብር ሳለ የሚቆረጥበት ግብር 102 ብር ከ50 ነበር፤ 1,400 ሲገባ 162 ብር ከ50 ሆነ። ደመወዙ በ40 በመቶ ሲያድግ ግብሩ በ59 በመቶ ገደማ አደገ ማለት ነው፤ ገበያው ደግሞ ጭማሪውን ቀድሞ በልቶታል። ማንም አዲስ የግብር አዋጅ ሳያወጣ፣ ምክር ቤቱም ሳይመክርበት፣ የዋጋ ንረት ብቻውን ግብር ከፍ አደረገበት። ነፃው ወለል ከፍ እንዲል ደጋግሜ ጠየቅኩ፤ በእኔ ዘመን አልሆነም። ወለሉ 600 ብር የሆነው በ2008 በወጣው አዋጅ ነው፤ በ2017 ደግሞ 2,000 ብር ደርሷል።

የድሮ ማስታወሻዬን ሳገላብጥ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። በየዓመቱ እጠይቅ የነበረው ወለሉ ከፍ ይበል ብዬ ነበር እንጂ፣ በጀት በሚጸድቅበት በእያንዳንዱ ሰኔ ወለሉ ከዋጋ ንረቱ ጋር እንዲገናዘብ የሚያስገድድ አንቀጽ ይግባ ብዬ አልነበረም። የሴፍቲኔቱን ጥያቄ ሳቀርብ «በየስንት ጊዜ ይገናዘባል» ማለቱን አውቄበት ነበር፤ ለመምህሩ ግን ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ ሳላስበው አለፈ።