«የት ላይ ነው የተቆረጠው?»

በቴክኖሎጂ ድርጅቶች የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ። ሥራውን የጀመርሁት በ1990 ዓ.ም. ነው። ኢንተርኔት አገራችን ከገባ ብዙም አልቆየም፤ ሞባይል ስልክ ደግሞ ገና አልመጣም።

በዚያን ዘመን መግለጫ ማሰራጨት የእግር ሥራ ነበር። ቸርችል ጎዳና ላይ ከነበረው ቢሯችን ፍሎፒ ዲስክ በኪሴ፣ የታተመውን ወረቀት በብብቴ ይዤ ወደ ፒያሳና አራት ኪሎ እወጣለሁ። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም። እኛ የጻፍንበት የግዕዝ ሶፍትዌር በጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ኮምፒውተር ላይ ከሌለ፣ ፍሎፒው ሲከፈት አማርኛው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይወጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ሆነው እንዲነበቡ በሚያደርገው መስፈርት ውስጥ፣ የተካተተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ሲሆን በየቢሮው እስኪለመድ ደግሞ ብዙ ዓመት ወስዷል። ስለዚህ ጸሐፊዋ ወረቀቱን አጠገቧ አስቀምጣ ከሀ እስከ ፐ እንደገና ትተይበዋለች፤ እኔም እስክትጨርስ ከጎኗ እቀመጣለሁ።

ያ መቀመጥ ምን ያህል እንደጠቀመኝ የገባኝ ከቀረ በኋላ ነው። አንዷ ጸሐፊ ጣቷን ከኪቦርዱ ላይ አንሥታ «ሰርቨር የምትሉት ምንድን ነው? አቅሙ አደገ ስትሉስ ፍጥነቱ ነው ወይስ የሚይዘው ብዛት?» ትለኝ ነበር። መልስ ሳጣ የዝግጅት ክፍሉን ስልክ ተውሼ የቴክኒክ ሰዎቻችንን እጠይቃለሁ። ኢሜይል ሲመጣ መግለጫው በአንድ ጊዜ ለሰላሳ ሰው መድረስ ጀመረ። ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን በእኔና በአንባቢው መካከል ቁጭ ብሎ «ይህ ምን ማለት ነው?» የሚል ሰው ጠፋ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። በወቅቱ የምሠራበት ድርጅት ለአንድ የገንዘብ ተቋም የክፍያ ሶፍትዌር ያቀርባል፣ ይጠግናልም። የትምህርት ቤት ምዝገባና የአዲስ ዓመት ገበያ የተገናኙበት ሰሞን ስለሆነ ወላጁ ሁሉ ቅርንጫፍ በር ላይ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ አገልግሎቱ ቆመ። በየመስኮቱ «ሲስተም የለም» ተባለ። ይህችን ቃል የአዲስ አበባ ሰው ከልጅ እስከ አዋቂ ያውቃታል፤ ከሰማት በኋላ ማንን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ግን የነገረው የለም።

ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «ፋይበር ተቆርጧል ብለህ አውጣ» አለኝ፤ መረጃ የሚያስተላልፈውን የመሬት ውስጥ መስመር ማለቱ ነው። ለማመን አላስቸገረኝም። የቀላል ባቡሩ ግንባታ ከስታዲየም በለገሃር እስከ ሜክሲኮ ከተማውን ቆፋፍሮታል፤ ኤክስካቫተር መስመር በጠሰ የሚባል ዜና በየጊዜው እንሰማለን። ሦስት መስመር ጻፍሁ፦ በመንገድ ሥራ ምክንያት በደረሰ የፋይበር መቆረጥ አገልግሎቱ ተቋርጧል፤ በቅርቡ ይስተካከላል፤ ደንበኞች በትዕግሥት ይጠብቁን። አንድም ሰው ሳልጠይቅ ላክሁት። ቅርንጫፎቹም አትመው በራቸው ላይ ለጠፉት።

ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ለዓመታት የማውቀው የሬዲዮ ጋዜጠኛ ደወለ። መግለጫዬን ዜና አድርጎ አንብቦታል። «አድማጮች እየደወሉ ነው። የት ላይ ነው የተቆረጠው?» አለኝ።

አላውቅም ነበር። «አጣርቼ ልደውልልህ» አልሁትና ወደ ምድር ቤት፣ ወደ መሐንዲሶቹ ክፍል ወረድሁ። ስድስት ዓመት በዚያ ሕንፃ ስሠራ ያን ደረጃ የወረድሁበት ቀን በጣት ይቆጠራል። አንዲት ወጣት መሐንዲስ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣለች፤ ምሳ ዕቃዋ እንደ ታሰረ ከጎኗ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ የተቆረጠ ነገር የለም» አለችኝ። «እሑድ ሌሊት ሶፍትዌሩን አሻሽለን ነበር። ቅርንጫፉ ክፍያ ሲልክ ከዋናው ሰርቨር፣ ክፍያውን ከሚመዘግበው ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ ‹ደርሶኛል› የሚል መልስ ይጠብቃል። መልሱ ከዘገየ ራሱ ደግሞ ይልካል። ድሮ ሁለተኛው በመለያ ቁጥሩ ታውቆ ይጣል ነበር፤ ከማሻሻያው በኋላ ግን እንደ አዲስ ክፍያ እየተመዘገበ ነው። የሰው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ሲቀነስ ስናይ እኛው ዘጋነው።»

እኛው ዘጋነው። ያቺ ልጅና ጓደኞቿ የሰው ገንዘብ እንዳይጎዳ ፈጥነው አገልግሎቱን ማቆማቸው ሊመሰገኑበት የሚገባ ሥራ ነበር፤ እኔ ደግሞ በቁፋሮ አሳብቤ ሸፈንሁት። ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት የከፈለ ሰው ሁሉ ሒሳቡን እንዲያይ ሊነገረው ሲገባ፣ እኔ በትዕግሥት ጠብቅ አልሁት።

ከእሷ ጋር ተቀምጠን እርማቱን ጻፍን። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ መልሼ አነብላታለሁ፤ «እንደዚያ አይደለም ጋሼ» ስትለኝ እሰርዛለሁ። ምን እንደ ተበላሸ፣ ማንን እንደሚነካ፣ ቀጣዩን መረጃ በስንት ሰዓት እንደምንሰጥ አስቀመጥን። «በቅርቡ» የምትለዋን ቃል አወጣናት። ሥራ አስኪያጁ «የተቆረጠ ፋይበር አልነበረም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሰረዘው። መልሼ አስገባሁት፤ ደግሞ ሰረዘው። በሦስተኛው ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ይዞ ቆየና ምንም ሳይናገር ፈረመ። ከሌሊቱ 4 ሰዓት ሆኖ ነበር። ጋዜጠኛውም በማግስቱ ጧት ከድምፁ ቁጣው እየተሰማ አነበበው።

በዚያው ጧት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወዳለው ቅርንጫፍ ሄድሁ። የትናንቱ ማስታወቂያ ገና በሩ ላይ ነው። አንዲት እናት ቆመው ያነቡታል። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ደረሰኝና የቁጠባ ደብተር አወጡ። «ትናንት ለልጄ መመዝገቢያ 1,400 ብር ከፍዬ ነበር። ዛሬ ለበዓል ላወጣ ብመጣ ፋይበር ነው ይላል፤ ሬዲዮው ደግሞ ሌላ ይላል። እኔ ፋይበሩን አላውቀውም ልጄ፤ ገንዘቤ አለ ወይ?» አሉኝ።

ሁለት ጊዜ ከተቀነሰባቸው አንዷ እሳቸው ነበሩ። አብሬያቸው ገባሁ። ትርፉ 1,400 ብር ወደ ደብተራቸው የተመለሰው ከሰዓት በኋላ ወደ 10 ሰዓት ግድም ነው፤ እስከዚያ ድረስ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት የላጥሁት በራሴ እጅ ነው። ፕላስተሩ በደንብ ስለ ያዘው አራት ቦታ ተቀደደ፤ ስሜ ያለበት የታችኛው ጠርዝ መስታወቱ ላይ ቀረ፤ በጥፍሬ ፋቅሁት።

በስሜ የሚወጣ መግለጫ ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶቹ ክፍል ሳይነበብ ወጥቶ አያውቅም። መዘግየቱ ከአለቆች ጋር ብዙ አጨቃጭቆኛል፤ አንድ ጊዜም የደረጃ እድገት አስቀርቶብኛል ብዬ አምናለሁ። ጋዜጠኛው ግን ስልኬን ማንሣት ተወ። መግለጫዎቼን ያነባል፣ ለእኔ አይደውልም። በእኔ ምክንያት በራሱ ድምፅ ሐሰት ተናግሯልና ልፈርድበት አልችልም።

ስምንት ወር አለፈ። ግንቦት ላይ አገልግሎታችን እንደገና ተቋረጠ፤ በዚህም ጊዜ ፋይበር ነው ተባለ። ከመግለጫው በፊት የጥገና ቡድኑ መኪና ላይ ወጣሁ። ስልኬ የጮኸው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ፣ ጫማዬ በጭቃ ተለውሶ ሳለ ነው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«የት ላይ ነው የተቆረጠው?»

«ከለገሃር ወደ ሜክሲኮ ስትመጣ በስተቀኝ» አልሁት። «ፊት ለፊቴ ነው፤ እያየሁት ነው።»