ሃምሳ ስድስት

ቅዳሜ ማታ

ዛሬ ቤዝቦል ጨዋታ ላይ ልጄ ሦስት ኳስ አመለጠው። አራተኛውን እንደምንም ያዘና ወደ አንደኛው ቤዝ፣ ሯጩ ሊደርስበት ወደሚሮጠው ማዕዘን፣ ሲወረውር ከጓደኛው ራስ በላይ አልፎ አጥሩን መታ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሜዳው ላይ አላለቀሰም። መኪና ውስጥ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ግን ጓንቱን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተንሰቀሰቀ። «አባዬ፣ ከእንግዲህ ሾርትስቶፕ አልሆንም። አሰልጣኙን ንገርልኝ» አለኝ።

የምመልስለት ጠፋኝ። እኔ ያደግኩት እግር ኳስ ስጫወት ነው። ቤዝቦልን ያወቅኩት እዚህ ሜሪላንድ፣ በእሱ ምክንያት፣ አጥር ተደግፌ እያየሁ ነው። ሾርትስቶፕ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመው ተጫዋች ነው፤ ኳስ የሚበዛበት ቦታ። መሬት ለመሬት እየነጠረ የሚመጣውን ጎንበስ ብሎ ይቀበላል፣ ከጓንቱ ወደ እጁ ያወጣዋል፣ ሯጩ ሳይደርስ አሻግሮ ይወረውራል። ሁሉም ነገር በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ኳሷ መጨረሻ ላይ ጠጠር ካገኘች ደግሞ አቅጣጫዋን ትቀይርና ደረት ትመታለች። የልጄ ደረት ላይ ዛሬ የቀላ ነገር አይቻለሁ።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስለ ዴሪክ ጂተር ሳነብ አመሸሁ። ለኒውዮርክ ያንኪስ ቡድን 20 የውድድር ዘመን በዚሁ ቦታ የተጫወተ፣ 3,465 ሂት ያለው (ኳሷን መትቶ በሰላም ቤዝ የደረሰበት ማለት ነው) ሰው ነው። እኔን የያዘኝ ግን መጀመሪያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 ያንኪስ ሲመርጡት ገና ሁለተኛ ደረጃ መጨረሱ ነበር። ሚሺጋን ውስጥ ካላማዙ ከምትባል ከተማ፣ በ800,000 ዶላር ፈርሞ ታምፓ፣ ፍሎሪዳ ወዳለው የያንኪስ የጀማሪዎች ቡድን ሄደ። 18 ዓመቱ ነው። የመጀመሪያው ቀን በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ነበር። ሰባት ጊዜ ለመምታት ቆሞ አንዴም አልተሳካለትም፤ አምስቴ ኳሷን ሳይመታ፣ በስትራይክአውት ወጣ። ያንን ወቅት በታምፓ የጨረሰው በ0.202 ነው፤ አሥር ጊዜ ቢቆም ሁለቴ ይሳካለታል ማለት ነው። ማታ ማታ ወደ ቤት እየደወለ ለእናትና ለአባቱ ያለቅስ ነበር።

እዚህ ላይ ንባቤን አቁሜ ቆየሁ። እኔም አሜሪካ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ማታ ማታ እደውል ነበር። ከፓርኪንግ ሥራ ስወጣ የስልክ ካርድ እገዛና ጀርባውን በሳንቲም ፍቄ ቁጥሩን እጠቀጥቃለሁ። እናቴ «ደህና ነህ ወይ ልጄ?» ትላለች። «ደህና ነኝ እማዬ፣ ሁሉም ጥሩ ነው» እላለሁ። የመኪና ቁልፍ አቀያይሬ ሰው ፊት የተጮኸብኝን ቀንም እንዲሁ ነው ያልኳት። ከዘጋሁ በኋላ ነው ያለቀስኩት። እስከ ዛሬ አታውቅም። ያ የ18 ዓመት ልጅ ግን እውነቱን ለወላጆቹ ይናገር ነበር። ቀናሁበት።

በ1993 በሰሜን ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ ባለው ሌላ የያንኪስ ታዳጊ ቡድን ተጫወተ። መምታቱ ተስተካክሏል፤ መያዝና መወርወሩ ግን በ126 ጨዋታ 56 ስህተት አስቆጠረበት። ቁጥሩን ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር። አላዛወሩትም። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ታምፓ ወስደው ብራያን በተርፊልድ ለሚባል አሰልጣኝ ሰጡት። እጁ ተጎድቶ ስለነበር የመምቻውን ዱላ አይነካም። 35 ቀን መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ ብቻ፤ የእግር አጣጣል፣ የእጅ አቀባበል፣ እንደገና ከመጀመሪያው። በሚቀጥለው ዓመት ስህተቱ ወደ 25 ወረደ። ከዋናው ቡድን በታች ባሉ ሦስት እርከኖች ተጫውቶ 0.344 መታ፣ የታችኛው ሊግ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። እኔ ከሽልማቱ ይልቅ ቀኖቹ ናቸው ያስደነቁኝ። ማንም ያላጨበጨበባቸው 35 ቀኖች።

ለዋናው ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታው ሜይ 29፣ 1995 ሲያትል ነበር። አምስት ጊዜ ቆሞ ባዶ። አባቱ አብሮት ነበር፤ እናቱ እዚያው ቤት የእህቱን የሶፍትቦል (ቤዝቦል የሚመስል) ጨዋታ ለማየት ቀርታለች። ይህ ነገር ልቤን ነካው። ልጃቸው ያንኪስ ገባ ብለው የሴት ልጃቸውን ጨዋታ አልተዉም፤ ተከፋፈሉ። ከጨዋታው በኋላ አባትና ልጅ የሚበላ ፍለጋ ቢወጡ ክፍት ያገኙት ማክዶናልድስ ብቻ ነበር። በማግስቱ የመጀመሪያ ሂቱን አገኘ። ሁለት ሳምንት ሳይቆይ ወደ ታች መለሱት፤ ዛሬ ስሙ የገነነው ኳስ ወርዋሪ ማሪያኖ ሪቬራም አብሮት በዚያው ቀን ተመልሷል። በ1996 ልምምድ ላይም አልደረሰም የሚሉ ነበሩ። ውድድሩ ሲከፈት ክሊቭላንድ ላይ ሆምረን፣ ኳሷን ከአጥር ውጭ የሚያሳልፍ ምት፣ መታ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም መራጮች ምርጥ ጀማሪ አሉት፤ ያንኪስም ዋንጫውን ወሰዱ።

እሁድ

ቁርስ ላይ የአምሳ ስድስቱን ነገር ነገርኩት። አላመነኝም። ስልኬን ተቀብሎ ራሱ አነበበው። ከዚያ የእኔን ነገር፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ስልክ ካርዱ፣ ለአያቱ ስለዋሸኋት ነገርኩት። «አያቴን ለምን አልነገርካትም?» አለኝ። እንዳትጨነቅ ብዬ ነው አልኩት። መልሴ ያጠገበው አይመስለኝም፤ እኔንም አላጠገበኝም።

ከሰዓት በኋላ ጓንቱን ይዞ መጣና በር ላይ ቆመ። ከሕንፃችን ጀርባ ያለችው ሣር ላይ ወጣንና መሬት ለመሬት እየወረወርኩ ስሰጠው አመሸን። አንዷን ሳታት። ሮጦ አመጣትና፣ «ከትላንቱ ጋር አምስት» ብሎ ወደ እኔ መለሳት።