ዘጠኝ ቀን ቀሪ

በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ የአንድ 1ኛ ክፍል ኃላፊ መምህርት ነበርኩ። ለአንድ ክፍል የተቀመጠው ልክ 50 ተማሪ ቢሆንም በስም መጥሪያዬ ላይ የሰፈሩት 61 ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ፣ ናትናኤል ልበለው፣ ስሙ ሲጠራ «አቤት» የሚል ስለማይገኝ በየቀኑ ቀሪ እያልኩ መዘገብኩት። ተመዝግቦ የማይመጣ ልጅ በየዓመቱ ስለማይጠፋ ነገሩን ከዚያ በላይ አላሰብኩበትም። በዘጠነኛው ቀን የዩኒት መሪው ስሙ እንዲሰረዝ ሲጠይቁኝ፣ የሚያውቀው ካለ ብዬ ስሙን እስከ አያቱ ድረስ ጮክ ብዬ ጠራሁ። ልጆቹ ዞር ዞር እያሉ ይፈልጉት ጀመር፤ በግድግዳው በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ የሚቀመጥ አንድ ትንሽ ልጅም አንገቱን አስግጎ አብሯቸው ይፈልግ ነበር።

ደብተር ሳርም የእሱ ሽፋን ላይ ስም እንዳልተጻፈበት አየሁ። አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

«ስምህ ማን ነው?»

«ማሙሽ።»

«የአባትህስ?»

«አባዬ።»

«እማዬ አባዬን ምን ብላ ነው የምትጠራው?»

ጥቂት አሰበና፣ አቀርቅሮ፣ «ስማ» አለኝ።

ልጁ ለጠየቅሁት ሁሉ የሚያውቀውን በትክክል መልሶልኛል፤ የእኔ ጥያቄ ነበር ከቤቱ ጋር የማይተዋወቀው። ከሰዓት በኋላ የመጡት እናቱ እንደነገሩኝ፣ ናትናኤል የሚለው ስም ያለው በልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው፤ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ የወጣለት የክርስትና ስም ደግሞ ሌላ ነው። የልደት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ከተጀመረ ወዲህ ትምህርት ቤታችን ልጁን የሚቀበለው በዚያ ወረቀት ስም ነው፤ ልጁ ግን ያንን ስም ማንም ጠርቶት ሰምቶ አያውቅም።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ሲል የእሱም ድምፅ ነበረበት፤ ለብቻው ግን አንዲት ቃል አላናገርኩትም። ከትልቅ ፊት ሳይጠየቅ እንዳይናገር ተደርጎ ያደገ ልጅ፣ «እኔንስ ለምን አትጠሪኝም?» ብሎ እንዲጠይቀኝ መጠበቅ አልነበረብኝም።

ቀሪ ያልኩበትን እንዳስተካክል የዩኒት መሪውን ጠየቅሁ፤ በእስክሪብቶ የተሞላ መዝገብ አይሰረዝም አሉኝ። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ማብቂያ ላይ ካርዱን ስሞላ፣ አንድም ቀን ላልቀረ ልጅ፣ «የቀረበት ቀን» በሚለው ቦታ ላይ በራሴ እጅ 9 ጻፍኩ።