በጅማ የበረራ ሲሙሌተር እንዴት ጀመርኩ፣ መሪስ እንዴት መረጥኩ

የበረራ ሲሙሌተር፣ ማለትም በኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን ማብረርን የሚያስመስል ጨዋታ፣ መጀመር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀኝ የመሪውን ዋጋ ነው። እኔ ደግሞ ምን ዓይነት አውሮፕላን ለማብረር እንዳሰበ መልሼ እጠይቀዋለሁ። ወጪውን የሚወስነው እሱ ነውና።

የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላኖች ብቻ ብናይ ነገሩ በሁለት ይከፈላል። ቦይንግ 737 እና 787፣ ወደ ክልል ከተሞች የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው400 ጭምር፣ ከአብራሪው ፊት ለፊት የቆመ መሪ አላቸው። ኤርባስ ኤ350 ግን የሚመራው ከወንበሩ ጎን በተተከለች አጭር ዘንግ ነው። ካፒቴኑ ከግራ ስለሚቀመጥ ዘንጉን በግራ እጁ ይይዛል፣ ረዳት አብራሪው በቀኙ። ስለዚህ ኤርባስ ለሚወድ ሰው ጆይስቲክ፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው የእጅ ዘንግ፣ ትክክለኛው ዕቃ ነው፤ ትረስትማስተር የሚሠራው ቲ.16000ኤም ደግሞ ለሁለቱም እጅ እንዲስማማ ተደርጎ የተሠራ ነው።

እኔ የምወደው ባለ አንድ ሞተሯን ትንሽ አውሮፕላን፣ ሴስና 172ን ነው፤ ሴስና ደግሞ ባለ መሪ ነው። ቢሆንም ጆይስቲክ ገዛሁ። አብዛኞቹ የሚሸጡ መሪዎች አፍንጫውን ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ፣ ክንፉን ያዘነብላሉ፤ ጭራው ላይ ያለውን ቀጥ ያለ መቅዘፊያ ለማዞር ግን የእግር ፔዳል ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል። መሪ ያለ ፔዳል ግማሽ ልጩ ግማሽ ጎፈሬ ነው፤ ዋጋው መጠየቅ ያለበት የሁለቱ ተደምሮ ነው። እጀታው ወደ ግራና ቀኝ የሚጠመዘዝ ጆይስቲክ ግን የፔዳሉን ሥራ በዚያው በአንድ እጅ ይሠራል፤ የሞተሩን ጉልበት መጨመሪያ ተንሸራታችም ከሥሩ አለው።

ከመግዛቴ በፊት ግን ፍላይትጊር የተባለውን ሲሙሌተር በላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። በነጻ የሚገኝ ነው፣ መካከለኛ ኮምፒውተርም ይችለዋል። የማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የምድሩን ምስል በአብዛኛው ከኢንተርኔት እየሳበ ስለሚያሳይ፣ በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው ወጪው ከጨዋታው ዋጋ በላይ ሊሄድ ይችላል። በቁልፍ ሰሌዳ ማብረር አያስደስትም፤ አውሮፕላኑ እየተወራጨ ነው የሚሄደው። ሆኖም የፍጥነት፣ የከፍታና የአቅጣጫ መለኪያዎችን ማንበብ፣ ሞተር ማስነሣትና ሜዳው ውስጥ መንዳት ያለ አንዳች ወጪ ይለመዳል። እዚህ ላይ የሰለቸው ሰው ገንዘቡ በኪሱ ቀረ ማለት ነው።

የገዛሁት ያገለገለ ሎጂቴክ ኤክስትሪም 3ዲ ፕሮ ነው፤ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ መጣልኝ። ያገለገለ ጆይስቲክ ሲገዛ መልኩን ማየት ዋጋ የለውም። ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ የዊንዶውስን የመጫወቻ መሣሪያዎች መሞከሪያ መክፈት፣ ከዚያ እጅን ማንሣት ነው። መሞከሪያው ላይ የእጀታውን ቦታ የምታሳየው ምልክት መሐል ላይ ዝም ብላ ከተቀመጠች ደግ። ከተንቀጠቀጠች ወይም ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች በውስጡ ያለው፣ እንቅስቃሴውን የሚለካው የሚፋተግ ዳሳሽ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ የሚያልቀው ደግሞ የጥምዘዛው ነው። በማግኔት የሚሠራ ዳሳሽ ያላቸው፣ ቲ.16000ኤምን ጨምሮ፣ እጀታውን ወደ አራቱ አቅጣጫ ሲገፉት ይህ ችግር እምብዛም አያገኛቸውም።

ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ክርኔ እየተንጠለጠለ ትከሻዬን አመመኝ። የጅማ ሰው እንጨት አያጣም፤ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚጠርቡ አናጺ ዘንድ ሄጄ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ የሚል መቆሚያ አዘዝኩ። ዕቃውን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይህ የምን እጀታ ነው?» አሉኝ። «የአውሮፕላን ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። ሳቁና፣ ሦስት እግር ወለሉ ባይስተካከልም እንደማይነቃነቅ ነግረውኝ ሥራቸውን ጀመሩ። የጆይስቲኩ መቀመጫ ልክ የሚገባበት ጉድጓድ ላዩ ላይ ፈለፈሉለት። እጄ ጭኔ ላይ አርፎ፣ አንጓዬ ብቻ የሚንቀሳቀስበት ከፍታ ይህ ነው።

ቀጥሎ ቅንብሩ ነው። እጀታው መሐል አካባቢ ሲነካ አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ እንዲመልስ በሲሙሌተሩ ማስተካከያ ውስጥ ያለውን የስሜቱን መስመር አለሰለስኩት። መሐል ላይ ያለውን፣ እጀታው ቢነካም አውሮፕላኑ የማይሰማበትን ክፍተት ግን በጣም ጠባብ አደረግሁት፤ ሲሰፋ አውሮፕላኑ ይዘገይና ድንገት ይዘላል። እጀታውን ይዞ ከመታገል ትሪምን፣ ማለትም እጀታው ሳይገፋ አፍንጫው በያዘው ከፍታ እንዲቆይ የሚያደርገውን ማስተካከያ፣ መልመድም ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይበልጣል፤ ሁለት አዝራሮች ለእሱ ሰጥቻለሁ።

ለእኛ አገር ሰው ሁለት ተጨማሪ አዝራሮች ያስፈልጋሉ። የጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ቦሌ ደግሞ ከ2300 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የሴስና ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ነዳጁ እንደ ባሕር ዳርቻው ሞልቶ ሲገባለት ይባስ ይንተፋተፋል። ከመነሣት በፊት ሞተሩን ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ፣ ቀዩን የነዳጅ መመጠኛ ቀስ እያሉ መሳብና የሞተሩ ዙር ከፍ ያለበት ላይ መተው ነው። ርካሽ ጆይስቲክ ለዚህ የሚሆን ማንሻ የለውም፤ ስለዚህ አንዱን አዝራር መጨመሪያ፣ ሌላውን መቀነሻ አደረግኋቸው። አፍንጫውን የማነሣው ያው በ55 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) አካባቢ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ግን ረጅም ማኮብኮብ ይጠይቃል። እስከዚያው ፕሮፔለሩ አፍንጫውን ወደ ግራ ይጎትተዋል፣ እጀታውን ወደ ቀኝ ጠምዘዝ አድርጌ መስመሩን እጠብቃለሁ።

ፔዳል ገና አልገዛሁም። በጎን ነፋስ ሳርፍ አንድ እጅ ክንፉን ወደ ነፋሱ እያዘነበለ በተቃራኒው መጠምዘዝ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ገንዘብ ሲገኝ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። መሪው ይቆይ።